እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር

ጥቅምት 9

ለወንድሜ፣

ይህች ወረቀት እስክትደርስህ ጤና ቀድሟት ይድረስህ። ለእኔ አታስብ። ከወገቤ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው፤ ወገቤም ቢሆን አመሉ ነው።

እሁድ ስትሮጥ አየንህ። ቴሌቪዥን ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ፣ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው የመጣን ሴቶች በሙሉ መደርደሪያው ሥር ተኮልኩለን ነበር። ሰውዬው ሊሠራቸው ያስቀመጣቸውን ሁሉ ከፈተልን። አንዱ ድምፅ የለውም፣ አንዱ ሰውን ሁሉ አረንጓዴ ያደርጋል፣ አንዱ ደግሞ ካልመቱት አይነሳም። በሁሉም ላይ ግን ፊት ያለኸው አንተ ነበርክ። ከመነሻው ጀምሮ አንተ! እኔማ ዓይን ያወጣሁ ጉረኛ ሆንኩልህ። «ይሄ እኔ ያሳደግኩት ነው፣ እኔ አዝዬው ያደገ ነው» እያልኩ ሰው አስቸገርኩ። ኪስ ሰፊዋ ጫማዋን አውልቃ መደርደሪያውን ትደበድብ ነበር፤ ጠጋኙም አልከለከላትም።

ከዚያ ምን እንደነካህ ሳላውቅ ወደ ቀኝ ዞርክና ከመንገዱ ወጣህ። አጥሩ ጋ ቆምክ፣ አንድ ሰው ፎጣ ደረበብህ፣ ሌሎቹ አልፈውህ ሄዱ። ጠጋኙ «እግሩን ያዘው» አለ። ማን እንዳሸነፈ አላውቅም፣ አላየሁም፤ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

የትኛው እግርህ ነው? ጉልበትህ ነው ወይስ ጭንህ? ኪስ ሰፊዋ አባቷ ኳስ ተጫዋች ያሹ ስለነበር ከእሳቸው የቀረ ቅባት አለኝ ብላ ሰጥታኛለች። ሽታው ፍየል ፍየል ይላል፤ ግን ያድናል ትላለች። ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ።

ዋናውን ነገር ልንገርህ። እዚህ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚያስተምሩት ሰውዬ ጡረታ ሊወጡ ነው። ዳይሬክተሩን አነጋገርኳቸው። «ወንድምሽ ከመጣ ቦታው የእሱ ነው፤ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ እጠብቀዋለሁ» ብለውኛል። ሰፊ ሜዳ አለው፣ ደመወዙ ወር በወር ነው፣ ማንም ከመንገድ አያስወጣህም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ ጆሮ ግንድህ አካባቢ ሸብተህ አየሁህ፤ ወይ ደግሞ ያ ብልሹ ቴሌቪዥን ነው።

ቶሎ ጻፍልኝ። ፈጣሪ እግርህን ይጠብቅልህ።

እህትህ


ኅዳር 28

እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ወገብሽ ይቅለልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ልመልስ ብዬ እቀመጥና «ደህና ነኝ» ከሚለው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይጠፋኛል።

ደህና ነኝ። እግሬን አልታመምኩም። ጉልበቴም ጭኔም ደህና ነው። ከመንገዱ የወጣሁት ሥራዬን ጨርሼ ነው።

አሯሯጭ ነኝ፣ እትዬ። ያሸንፋሉ የተባሉት ሯጮች በአንድ ፍጥነት እንዲሄዱ ፊት ሆኖ የሚሮጥላቸው ሰው አለ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ውድድሩ ሊደረግ ሲል አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው አንዱን ኪሎ ሜትር በምን ያህል ሰዓት እንደምሄድ ይነግሩኛል። ከዚያ አልፈጥንም፣ አልዘገይም። ነፋሱ መጀመሪያ እኔን ይመታል፤ እነሱ ጀርባዬ ላይ ተጠግተው ይመጣሉ። ማራቶኑ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ሠላሳኛው ላይ ስደርስ እወጣለሁ። ውሉ እስከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእነሱ ጉዳይ ነው። እነሱ ደረታቸው ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ የእኔ ላይ «አሯሯጭ» ነው የሚለው።

ደብቄሽ አልነበረም። «ፊት ሆኜ እመራለሁ» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። የጻፍኩት እውነት ነው። እስከ የት እንደምመራ አልጠየቅሽኝም፤ እኔም ያወቅሽ መስሎኝ ነበር።

ክፍሌን ቀይሬያለሁ። አሁን ያለሁት ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ነው። ወለሉ ከሥር ስለሚሞቅ ካልሲዬን እዚያው አነጥፌ አደርቃለሁ። ከጎኔ አንድ ቦክሰኛ አለ። አርባን አልፏል። «አስታራቂው» ነው የምንለው፤ ከእሱ ጋር የተጋጠመ ሁሉ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ነው። ቅባቱን ከላክሽው ለእሱ እሰጠዋለሁ።

ስለ ትምህርት ቤቱ አስብበታለሁ። ዳይሬክተሩን አመስግኝልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 15

ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ መለስኩልህ። እኔ እንዳንተ ሁለት ወር አላስብም።

አሯሯጭ! መጀመሪያ ሳነበው ከቢሮ ቢሮ የሰው ወረቀት ይዞ የሚሯሯጥ ነገር ሆነህ ቀረህ ብዬ ደነገጥኩ። ደግሜ አነበብኩት። እሱስ በተሻለ ነበር፤ ቢያንስ ጉዳዩ ሲያልቅ ሻይ ይጋብዙታል።

አሁን ሴቶቹን ምን ልበላቸው? በእግርህ ጉዳይ ያልተሳለ የለም። የሸሚዝ ቁልፍ ተካይዋ «እግሩ ተሻለው?» ሳትለኝ አንድ ቀን አልፋ አታውቅም። «ኧረ እሱ ደህና ነው፣ ውጣ የተባለበት ቦታ ላይ ነው የወጣው» ልበላት? አልኳት። አየችኝና «ታዲያ ምን ብለን ነበር የጮህነው?» አለች።

እኔ ፊት መሆን ምን እንደሆነ ካንተ በላይ አውቃለሁ። እዚህ መስመሩ ራስ ላይ የሚያስቀምጡኝ እኔን ነው። ኮሌታ ስሰፋ አላጠፋም፣ አልዘገይም፤ ከእኔ የወጣው ወደ ቀጣይዋ ይሄዳል፣ እሷም ትሰፋለች፣ እንዲያ እያለ እስከ ልብስ ተኳሿ ይደርሳል። አዲስ የመጣች ልጅ ሁሉ ከእኔ ፍጥነት ጋር ትለማመዳለች። ከዚያ ምን ሆኑ? አንዷ ተቆጣጣሪ ሆነች፣ አንዷ ቢሮ ገባች፣ አንዷ የራሷን ሱቅ ከፈተች። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ይባል የለ? ጆሮው እኔ ነኝ። እኔስ ሌላ አልተማርኩም። አንተ ግን «ሯጭ ልሆን ነው» ብለህ ነው ከቤት የወጣኸው። ሯጭ ነኝ ብለህ ሄደህ አሯሯጭ ሆንክ፤ ነገ ደግሞ ምን ልትሆን ነው? ጫማ ጠባቂ?

ተናደድኩ እንጂ ልሰድብህ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለምን? አታሸንፍ ነገር። ዋንጫ የለ፣ ስምህ የለ። ያን ሁሉ መንገድ ለሰው ነፋስ እየመከትክ ከርመህ ምን ይዘህ ትገባለህ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። እንቁላሉ እንኳ ሄዶ ሄዶ ይደርሳል፤ አንተ ደርሰህ አታውቅም!

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጨርስ። አንደኛ ሁን አላልኩህም፤ ስንተኛም ሁን። መጨረሻዋን መስመር በገዛ እግርህ እለፍና ከዚያ ና። ሰው ጀምሮት የነበረውን ነገር ጨርሶ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው።

ዳይሬክተሩ ጠይቀውኛል። «እያሰበበት ነው» አልኳቸው። «ሯጭ ሰው ሲያስብ ይዘገያል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

እህትህ


የካቲት 6

እትዬ፣

ለአንቺም ለሴቶቹም ሁሉ ጤና ይስጥልኝ። እግሬን እያሉ ለጸለዩልኝ አመስግኝልኝ። ጸሎቱ አልባከነም፤ እግሬ እስካሁን ደህና ነው።

«ለምን» ያልሽውን ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ስሮጥም አሰብኩበት፤ ስሮጥ ግን ብዙም አይታሰብም፤ ይቆጠራል እንጂ።

አስታራቂውን ጠየቅኩት። አልጋው ላይ ተጋድሞ ቅንድቡን በበረዶ ይዞ ነበር። ቅዳሜ ተሸንፎ ነው የመጣው። «ለምን አታቆምም?» አልኩት። «ሰኞ ምን ላደርግ?» አለኝ። «ማክሰኞስ?» አለ ደግሞ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ቀኖቹን አንድ በአንድ እስከ እሁድ ጠራቸውና ወደ ግድግዳው ዞረ።

የእኔ እንደ እሱ አይደለም። እኔ ሰኞ የማደርገው አላጣም፤ ትምህርት ቤት አግኝተሽልኛል። ደግሞ አንዳንዶቹ «የሚቀጥለው ዓመት የእኔ ነው» ይላሉ። እኔ እንደሱ ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበር። መቼ እንደተውኩት ግን አላውቅም። አንድ ቀን ፈልጌ አጣሁት፣ በቃ። አላዘንኩም። ነርቡ እንደሞተ ጥርስ ነው፤ ያኝካል፣ አያምም። ሌሎቹ ሲያሸንፉ በቴሌቪዥን አያለሁ። ያሯሯጥኩት ሰው ሲያሸንፍም አያለሁ። ደስ አይለኝም፣ አልቀናም። ሰዓቱን አይቼ «ጥሩ ሄደናል» እላለሁ።

ጠዋት ጠዋት ሳልነቃ እግሬ ወለሉ ላይ ነው። ጫማዬን አስሬ ስጨርስ ነው እንዳልተኛሁ የሚገባኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ አልፈታ ያለ ነገር ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ ቢኖረኝ እነግርሽ ነበር።

ማናጀሬ ባለፈው ሳምንት ጠርቶኝ ነበር። ቢሮው ጠባብ ናት፤ ወንበር ስለሌለ ሰው ሲያነጋግር የሚያስቀምጠው ጫማ የታሸገበት ካርቶን ላይ ነው። ፊተኛውን ቡድን ለወጣት ሰጥቼዋለሁ፣ አንተ በሚያዝያው ውድድር ሁለተኛውን ቡድን ታሯሩጣለህ አለኝ። ከዚያ በኋላስ ስለው ካርቶኑን ማየት ጀመረ። መናደድ ነበረብኝ መሰለኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ቆሜ የምናደድ ከሆነ ብዬ ጠበቅኩ፣ ንዴቱ አልመጣም።

ስለዚህ ያልሽውን አደርጋለሁ። ውሉ ከሠላሳ በኋላ ውጣ አይልም፤ ከሠላሳ በኋላ አንከፍልህም ነው የሚለው። በሚያዝያው ውድድር አልወጣም። እጨርሳለሁ። ከዚያ እመጣለሁ። ለዳይሬክተሩ ንገሪያቸው።

ወንድምሽ


የካቲት 29

ለወንድሜ፣ ለሽው፣

ሽው ብዬ ከጠራሁህ ስንት ዘመኔ! ከተወለድክ ጀምሮ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ያወጣንልህ ስም ነው፤ እዚያ ማንም እንደማያውቀው ሳስብ ገረመኝ። ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት።

«እመጣለሁ» የሚለውን ቃል ሳይ ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ደስታው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ማታ ሳህን ሳጥብ፣ ሁለት ሳህን እያጠብኩ እንደሆነ አየሁ። አንዱን አልበላሁበትም፤ ዝም ብዬ ከመደርደሪያ አውርጄው ነው። ያኔ ነው የሳቅኩት።

ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው። ልጆቹ ከአሁኑ ያውቃሉ መሰለኝ፤ አንዷ መንገድ ላይ አስቁማኝ «የሚመጣው አስተማሪ ከመኪና ይፈጥናል?» አለችኝ። «ከአንዳንድ መኪና» አልኳት።

የኋላውን ክፍል ቀለም አስቀባሁት። ቀለም ቀቢው ነጭ ነው ብሎ ያመጣው ነገር ሲደርቅ ሐምራዊ ወጣው። ልመልሰው ስል «ከነገ ወዲያ ይነጣል» አለኝ። አልነጣም። ሐምራዊ ክፍል የማትወድ ከሆነ ከአሁኑ ልመድ።

ስትመጣ ፊሽካ ይዘህ ና። የዚህ ሀገር ፊሽካ አንዴ ሲነፋ ይጮሃል፣ ሁለተኛ ምራቅ ይሞላና እህ እህ ይላል። ሌላ ምንም አታምጣ። ልብስ አልፈልግም፣ ሽቶ አልፈልግም፣ የምሰጠው ሰውም የለኝም።

ፋብሪካው ውስጥ አንዳንድ ነገር አለ፤ ግን እሱን እኔ አውቃለሁ፣ አንተን አያሳስብህ። አንተ ብቻ ጨርሰህ ና። ሴቶቹ ጠጋኙ ሱቅ እንገናኛለን ብለዋል። በዚህኛው ስትወጣ ሳይሆን ስትገባ ነው የምንጮኸው።

ፈጣሪ መንገድህን ይምራ። አንተ ብዙ ሰው መርተሃል፤ አሁን ደግሞ አንተን የሚመራህ ይዘዝልህ።

እህትህ


ሚያዝያ 21

እትዬ፣

ሰላምሽ እንዴት ነው። ጨረስኩ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። እስከ ሠላሳኛው ድረስ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ቡድኑን በተባልኩት ሰዓት አደረስኩት። ሠላሳኛው ላይ የሚሰበስበን ሚኒባስ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ የቆየ ወዳጄ ነው፤ እንደለመደው በሩን ከፍቶ፣ ማሞቂያውን አሙቆ፣ ፎጣ ይዞ ጠበቀኝ። ሳልፈው የተሳሳትኩ መሰለው። «ኧረ እዚህ ነው! እዚህ ነው!» እያለ ትንሽ መንገድ ተከትሎኝ ሮጠ። እጄን አውለበለብኩለት። ሲቆምና ፎጣውን ሲያጥፍ ዞሬ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላውቀውም ነበር። ከተማውን ስንት ጊዜ ሮጬበታለሁ፤ ከሠላሳኛው በኋላ ምን ሕንፃ እንዳለ ግን አይቼ አላውቅም። የጎማ መደብር አለ፣ ድልድይ አለ፣ ከድልድዩ ቀጥሎ ረጅም ግንብ። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች አልፈውኝ ሄዱ። ከዚያ ሌሎች አለፉኝ። ቀስ እያለ እኔን የሚፈልግ ሰው አጠገቤ አልቀረም። ነፋሱ ይመታኛል፣ ግን ለማንም አልነበረም። እየቆጠርኩ ነበር፤ ቆጠራው ለምን እንደሆነ ጠፋኝና ተውኩት።

መስመሩን አለፍኩ። አንዲት ልጅ ለሁሉም የሚሰጠውን ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አንጠልጥላ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ የመጀመሪያዎ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ውሃ በቀኝ በኩል ነው» አለችኝ። በቀኝ በኩል ሄድኩ። ልብሴን ልለብስ ስል ቦርሳዬ የለም። የአሯሯጮች ዕቃ የሚቀመጠው ሚኒባሱ ውስጥ ነው፣ ሠላሳኛው ላይ። እንዲያ ላብ እንደለበስኩ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በሰው ስልክ የጠራሁት አስታራቂው ሹራብ ይዞልኝ እስኪመጣ ጠበቅኩ።

ምንም አልተሰማኝም፣ እትዬ። ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም፤ እንዲሰማኝ ሞክሬ ነበር። «ደረስኩ፣ ደረስኩ» አልኩ በልቤ። አንድ ሱቅ ገብቼ የምገዛው እንደጠፋኝ ያህል ነበር። ስቀመጥ የናፈቀኝ ያ ሠላሳኛው ላይ የተውኩት ነገር ነው። ከኋላዬ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ሳልዞር ማን እንደደከመው አውቃለሁ። ትንሽ ብፈጥን ይሞታሉ፣ ትንሽ ብዘገይ ይረግሙኛል፤ እኔ ግን ከሁለቱ አንዱንም አላደርግም። ያን ሰዓት ከእኔ የሚፈለገው ያ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ እችላለሁ። ሌላ የምችለው ነገር የለም። ስለዚህ «ለምን» ስትይኝ መልሱ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ትንሽ ነው አይደል? ለእኔም ትንሽ ነው የመሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እግሬ እንደልማዱ ወለሉ ላይ ነበር።

ማናጀሬ ደወለ። እስከ ሠላሳኛው አንዲት ሰከንድ አልሳትክም፤ በመስከረም የሴት ሯጮቹን ፊተኛ ቡድን የሚያሯሩጥ የረጋ ሰው ይፈልጋሉ አለኝ። «እሺ» አልኩት። ሳላስብ ነው ከአፌ የወጣው። ስልኩን ስዘጋ ነው አንቺ የታወስሽኝ።

አልመጣም፣ እትዬ። አትጠብቂኝ። ይቅርታ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን እሱንም እንደ ወግ እንዳልጽፍብሽ ፈራሁ።

ወንድምሽ


ሰኔ 30

ለወንድሜ፣

በጤናህ ይድረስህ። ደብዳቤህ ግንቦት ላይ ደርሶኛል። የዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም። መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ አንድ ሁለት ቀን ሞከርኩት፣ አልያዝ አለኝ።

ስትጨርስ አላየንህም። አሸናፊው ሲገባ አሳዩ፣ ቀጥሎ ሲያቅፉት አሳዩ፣ ከዚያ ዜና ጀመረ። ኪስ ሰፊዋ «ትንሽ እንጠብቅ፣ ይመለሱ ይሆናል» ብላ ዜናውን እስከ አየር ጠባዩ ድረስ አየነው። እንደጨረስክ ያወቅኩት ከደብዳቤህ ነው።

ያኔ ፋብሪካው ውስጥ አንዳንድ ነገር አለ ብዬህ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜ የገፋን ሰዎች በፈቃዳችን እንድንወጣ ጠይቀውን ነበር። ሌሎቹ እንቢ አሉ። እኔ ግን አንተ ትመጣለህ ብዬ ፈረምኩ። መጋቢት ማለቂያ ላይ ወንበሬን ለአንዲት ፈጣን ልጅ አስረክቤ፣ ከሁሉም ጋር ተሳስሜ ወጣሁ። ደብዳቤህ ከመጣ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ «ወይ ጉድ፣ ሸኝተንሽ አልነበር?» አሉኝ። መስመሩ ሞልቷል። ከኋላ፣ ከተኳሾቹ ቀጥሎ፣ የተረፈ ክር የሚቆረጥበት ጠረጴዛ አለ። «ከፈለግሽ እዚያ ተቀመጪ» አሉኝ። እዚያ የሚቀመጡት መጀመሪያ የሚቀጠሩት ናቸው፤ ክፍያውም እንደዚያው ነው። እሺ አልኳቸው። ከአፌ ነው የወጣው፣ አንተ እንዳልከው።

ለምን እንደተመለስኩ ቁልፍ ተካይዋ ጠየቀችኝ። ለእንጀራ እንዳልላት ጡረታዬ ለአንድ ሰው ሆድ ይበቃል፤ እሷም ታውቃለች። ክሬን መቁረጥ ቀጠልኩ። ስለዚህ ካንተ ጋር በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አልከራከርም። መቀሱን ስይዝ እጄ ያውቃል። እኔ አላውቅም።

ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። «ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት» አልኳቸው። «ምነው፣ የተሻለ አገኘ?» አሉኝ። «የለም፣ ያው ነው» አልኳቸው። ሰው አግኝተዋል። ወጣት ነው፤ ድምፁ እስከ ቤቴ ይሰማል።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ትምህርት ቤቱ ሰው አጥቶ አልነበረም። ዳይሬክተሩም አንተን አያውቁህም ነበር። ሄጄ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ እስኪሰለቹኝ ነው የለመንኳቸው። የልጆቹ ስፖርት ግድ ኖሮኝ አይደለም። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው ሲያስል መስማት ስለፈለግኩ ነው። «ናፍቀኸኛልና ና» ብዬ ልጽፍልህ ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አነሳሁ። ለናፍቆት ብሎ ሥራውን ጥሎ የመጣ ሰው አላውቅም፤ አንተም ደግሞ ለምን የምትል ሰው ነህ። ስለዚህ ምክንያት ፈለግኩልህ። ጥሩ ምክንያት ነበር፣ ሜዳ ያለው።

አሁን ቦታው ተይዟል። ሌላ ምክንያት አልፈልግልህም፤ ጉልበቱም የለኝ። ናፍቀኸኛል። ከመጣህ እንግዲህ ያለ ምክንያት ና።

እህትህ